ዝም ብለው ሲያዩ የኖሩት ሲስተር ሽታዬ ወገኔ

የተከበራችሁ አባቶች ካህናት፣ ከዘንገና፣ ከጥሊሊ፣ ከአዘናና ከዳንግላ መንገዱ ምን ይገጥመን ይሆን ሳትሉ ለቀብሩ የደረሳችሁ ወገኖቻችን፤ ይህን የማነብላችሁ የሟች ታናሽ ወንድም መምህር ምንይችል ወገኔ ነኝ። ቤተሰቡ ያዘጋጀው ጽሑፍ ከዚህ ያጠረ ነበር፤ ነገር ግን እሳቸው አፈር ሳይለብሱ በሕዝብ ፊት መናገር ያለብኝ አንድ ጉዳይ ስላለ አርዝሜዋለሁና በትዕግሥት ታደምጡኝ ዘንድ እለምናለሁ።

ሲስተር ሽታዬ ወገኔ ከአባታቸው ከአቶ ወገኔ ተሰማና ከእናታቸው ከወይዘሮ እመቤት አድማሱ በኅዳር ወር 1956 ዓ.ም. ከዘንገና ሐይቅ በላይ ባለው መንደር ተወለዱ። አባታችን ገብስና ድንች አምራች ነበሩ፤ እናታችን አዊኛ እንጂ አማርኛ እምብዛም አይናገሩም ነበርና እኔ እታለም የምላቸው እህቴ አማርኛን የተማሩት ከፊደል ጋር አብረው ነው። ከስምንት ልጆች መካከል ለአቅመ አዳም የደረስነው ሦስት ብቻ ስንሆን፣ የመጨረሻው እኔ በተወለድሁ ጊዜ እሳቸው የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበሩና ከእናታችን ጀርባ ይልቅ የእሳቸውን ጀርባ እያወቅሁ አደግሁ።

የአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በዚያን ጊዜ ኮሶበር ትባል በነበረችው በእንጅባራ፣ ሁለተኛ ደረጃን ደግሞ በዳንግላ በዘመድ ቤት ተጠግተው ካጠናቀቁ በኋላ፣ ባሕር ዳር ገብተው በነርስነት ተመረቁና በ1976 ዓ.ም. በጥሊሊ ተመድበው ሥራ ጀመሩ። በ1978 ዓ.ም. ከእርሻ ባለሙያው ከአቶ አስማረ ደሴ ጋር በሥርዐተ ተክሊል ተጋብተው፣ በተከታዩ ዓመት የመጀመሪያ ልጃቸውን ምህረቴን ወለዱ።

ምህረቴ ሲወለድ አላለቀሰም። ምጡ ሁለት ቀን ቆይቶ ነበርና ሕፃኑ ጠቁሮ ወጥቶ፣ አዋላጇ ብዙ ከተጨነቀችበት በኋላ ተነፈሰ። ከዚያ ወዲህ ግን የሚያስቸግር ልጅ አልሆነም፤ አያለቅስም፣ አይነጫነጭም፣ ካስተኙት ቦታ ንቅንቅ አይልም። ጎረቤቱ ሁሉ «እንዲህ ያለውን ጨዋ ልጅ ለሁላችንም ይስጠን» እያለ መረቀ። እናታችን ብቻ ከዘንገና መጥተው አንድ ቀን ሙሉ ከአጠገቡ ከተቀመጡ በኋላ፣ በአዊኛ «ይህ ልጅ ዐይኑን ከፍቶ ነው የሚተኛ» አሉ። እታለም ተቆጡ፤ እሳቸው የተማሩ ነርስ፣ እናታቸው ፊደል ያልቆጠሩ ሴት ነበሩና። ሕፃኑ ግን በዘጠኝ ወሩ አልተቀመጠም፤ በሁለት ዓመቱ እግሮቹ እንደ መቀስ ተጠላልፈው ደረቁ፤ በሰባት ዓመቱም የሚጎርሰው ሁሉ ወደ ሳንባው እየገባ በ1986 ዓ.ም. ክረምት በእናቱ እቅፍ ዐረፈ። ከእሱ በኋላ የተወለዱት ስለእናትና ይታያል ጤነኞች ሆነው ቢያድጉም፣ እታለም ሁለቱም እስኪራመዱ ድረስ አንድ ሌሊት እንኳ ተኝተው እንዳላደሩ ባለቤታቸው ይመሰክራሉ።

በ2005 ዓ.ም. ለሥልጠና ወደ አዲስ አበባ ተላኩ። ሥልጠናው ያለጊዜያቸው የተወለዱትን፣ ሲወለዱ ያላለቀሱትን፣ ቢጫነት የበረታባቸውንና የሚያንቀጠቅጥ ሕመም የያዛቸውን ሕፃናት ገና በሦስትና በአራት ወራቸው ተመልክቶ፣ ወደፊት ሰውነታቸውን ማዘዝ ይሳናቸው እንደሆነ አስቀድሞ ስለማወቅ ነበር። አሠልጣኞቹ በግድግዳ ላይ በጀርባቸው የተኙ ሕፃናትን ፊልም እያሳዩ ሳለ፣ ሁለተኛው ሕፃን ሲመጣ እታለም ብድግ ብለው ከአዳራሹ ወጡ። ምን ሆኑ ብለው ለተከተሏቸው «ልጄን አየሁት» ሲሉ መለሱ። ያ ሕፃን ሰው ሁሉ ጨዋ የሚለው ዓይነት ሕፃን ነበር።

ስለዚህ ዕውቀት ለእኔ ሲያስረዱኝ እንዲህ ብለውኝ ነበር፤ «ያሸተ ገብስ ላይ ለስለስ ያለ ነፋስ ሲሄድበት አይተህ የለ? የደኅና ልጅ ገላ እንደዚያ ነው። አንገቱ፣ ትከሻው፣ የእጁና የእግሩ አንጓ በትንሽ በትንሹ ሲንቀሳቀስ አያቆምም። አንጎሉ የተጎዳውም ይራገጣል፣ ይስቃል፣ እናቱንም ያያል፤ ያ ነፋስ ግን የለበትም።» ይህንንም ለማየት ሕፃኑ ጠግቦና ነቅቶ፣ ሳያለቅስ፣ ማንም ሳያባብለው በጀርባው ይተኛና፣ የሚያየው ሰው አምስት ደቂቃ ያህል ቃል ሳይተነፍስ መመልከት ነበረበት። ሰው ካናገረው ሕፃኑ ወደ ሰው ይዞራል፣ እንቅስቃሴውም ይለወጣል። እታለም ዝም የሚሉት ስለዚህ ነበር።

ከሥልጠናው ተመልሰው፣ ስሙን በማልጠራው በዞናችን ባለ አንድ የሕክምና ተቋም ውስጥ በአንዲት ጠባብ ክፍል ማክሰኞ ማክሰኞ እነዚህን ሕፃናት ማየት ጀመሩ። ያ ነፋስ ላልታየባቸው ሕፃናት እናቶች አቀማመጡን፣ አያያዙን፣ እንዳያንቃቸው አድርጎ ማጉረሱን፣ መስማትና ማየታቸውን ማስመርመሩን እያስተማሩ፣ እንደ ምህረቴ በጉሮሮ ታንቆ የሚሞት ልጅ እንዳይኖር ብዙ ደከሙ። ዛሬ በዚህ ግቢ ውስጥ በእናቶቻቸው ጎን ተቀምጠው የምታዩአቸው ልጆች፣ በራሳቸው መጉረስ የቻሉት በዚያች ክፍል ምክንያት ነው።

ነገር ግን ሰው ዝምታቸውን ፈራው። «ሲስተር ዝም ብላ ካየችው አለቀ» ይባል ጀመር። በ2009 ዓ.ም. ነገሩ ባሰ። እታለም አይተው ፊታቸው የጠቆረባቸው ሕፃናት ከመቼውም ይልቅ በዙ፤ ከእነዚህም አብዛኞቹ ጊዜያቸውን ጨርሰው የተወለዱ፣ ሲወለዱ ያለቀሱ፣ እናቶቻቸው ምንም ያልጠረጠሩባቸው ነበሩ። እናት ደኅና ልጅ ይዛ ትገባለች፤ ከወራት በኋላ ልጁ ወደ ኋላ እየተለጠጠ፣ ጣቶቹ እየተጣመሙ ይመጣል። ሰው ታዲያ ምን ይበል? የዐይናቸው ነው አለ። ቃሉን በዚህ ቦታ አልደግመውም፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ጥሊሊ ገበያ ላይ አንዲት አራስ እሳቸውን አይታ ልጇን በነጠላዋ ሸፍና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። በሚኒባስ ከአጠገባቸው ተነሥተው ከኋላ የሚቀመጡ ነበሩ። አብራቸው ትሠራ ለነበረችው ለወጣቷ ሲስተር ምሥራቅ፣ «እኔም እኮ ፈርቻለሁ፤ ምንድን ነው የማላየው ነገር?» ብለዋት እንደነበር እሷው ነግራናለች።

እዚህ ላይ የራሴን ጉዳይ እናገራለሁ።

በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ባለቤቴ በዚያው ተቋም ሴት ልጅ ወለደች፤ ፀደይ አልናት። አልቅሳ፣ ክብደቷ ሞልቶ፣ ምንም ሳይጎድላት ተወለደች። በሦስተኛው ቀን ቢጫ ሆነችና ሰማያዊ ብርሃን በሚሰጠው የቢጫነት ማከሚያ መብራት ሥር ለአራት ቀን አስተኝተው፣ ድናለች ብለው ሰጡን። እታለም ሁሉንም በዐይናቸው አይተው ነበርና «ቢጫነቷ ጠንክሮ ነበር፤ በጥር ሦስት ወሯን ስትደፍን ይዘሃት ና» አሉኝ። እሺ አልሁ። ወደ አዘና ተመልሼ ግን የሚወራውን ሰማሁ፤ የባለቤቴም ዘመዶች «ልጅህን ለዚያ ዐይን?» አሉኝ። እኔ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼን በወሬ አትመሩ ስል የምውል ሰው ነኝ። በጥር ሲደውሉልኝ ፈተና ላይ ነን አልሁ፤ ሌላ ጊዜ ኔትወርክ አልነበረም አልሁ።

በየካቲት ሳይነግሩኝ ራሳቸው አዘና ድረስ መጡ። ሲመጡ ከሩቅ አየኋቸውና ፀደይን ከእናቷ ጋር ጓዳ አስገብቼ በሩን ዘጋሁት። «ወደ ቤተሰቦቿ ሄደዋል፣ እታለም» አልኋቸው። ያዘሉኝ፣ አፍንጫዬን የጠረጉልኝ እህቴ ከፊት ለፊቴ ተቀምጠው ያቀረብሁላቸውን እህል ቀመሱ። በመካከሉ ልጅቱ ጓዳ ውስጥ አለቀሰች። ልቅሶዋ ቀጭን፣ እንደ ሽቦ የሚወጋ ነበር። እታለም የያዙትን ጉርሻ መልሰው አኖሩት። እጃቸውን ታጥበው ተነሥተው ደጁ ላይ ሲደርሱ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ «ምንዬ፣ ድምፅዋ ጥሩ አይደለም። ለእኔ አታሳያት፤ ለምሥራቅ አሳያት» ብለውኝ ሄዱ።

ለምሥራቅም አላሳየኋትም።

እሳቸው ካረፉ በኋላ ባገኘነው የሕፃናት መዝገባቸው ላይ፣ በጥር 2010 ረድፍ «ፀደይ ምንይችል፤ አልታየችም» ተብሎ ተጽፏል፤ ከሥሩም በየካቲት «ድምፅ ሰማሁ፤ አላየሁም፤ በድምፅ ብቻ መፍረድ አልችልም» የሚል አለ። ሌሎቹ እናቶች ከሩቅ ስለሚመጡ፣ በካርዳቸውም ላይ «ታክሞ ወጣ» ከማለት በቀር ስለማይጻፍ፣ ልጆቹ በመጀመሪያው ሳምንታቸው ምን እንደደረሰባቸው እታለም የሚያውቁበት መንገድ አልነበራቸውም። የፀደይን ግን ያውቁ ነበር። ደኅና ተወልዳ ቢጫነት ብቻ ያገኛትን ልጅ በሦስት ወሯ ቢያዩዋትና ያ ነፋስ ቢጠፋባት ኖሮ፣ ሊጠረጥሩት የሚቀራቸው መብራቱ ብቻ ይሆን ነበር። ከዚያ ወር እስከ ነሐሴ ድረስ በዚያው መብራት ሥር ከተኙት መካከል አራት ሕፃናት ተጎዱ። ስማቸው በመዝገቡ ላይ አለ። እናቶቻቸው በመካከላችን ካላችሁ፣ ልጄን ጓዳ የደበቅሁት ሰው እኔ ነኝ።

የመብራቱ ጉድለት የተደረሰበት በሐምሌ ወር በወይዘሮ ከዲጃ ነው። ወይዘሮ ከዲጃ በዳንግላ ጨርቅ ነጋዴ ሲሆኑ፣ ልጃቸውን አብራርን ይዘው ሲመጡ ባለቤታቸው አቶ ሸዕባን ስለ ወሬው ሰምተው ከለከሏቸው፤ እሳቸው ግን «የአላህን ሥራ ሰው በዐይኑ አይለውጠውም» ብለው መጡ። እታለም አብራርን አምስት ደቂቃ ዝም ብለው አዩት። ነፋሱ አልነበረም። አንገታቸውን ደፍተው በመዝገባቸው ላይ ጻፉ። ይህን ጊዜ ወይዘሮ ከዲጃ፣ «ሲስተር፣ እኔ ጨርቅ ነጋዴ ነኝ፤ ቀለም አይሸውደኝም። ልጄ ያ መብራት ሥር ሲገባም ሲወጣም ያው ቢጫ ነበር። ድኗል ሲሉኝ የተማሩ ናቸው ብዬ ዝም አልሁ እንጂ» አሏቸው።

እታለም የዚያን ዕለት ማክሰኞ ሌላ ሕፃን አላዩም። መዝገባቸውን ዘርግተው ከምሥራቅ ጋር ከአንድ ዓመት ተኩል ወዲህ ያ ነፋስ ያልታየባቸውን ሕፃናት ካርድ አንድ በአንድ አስወጥተው ከመብራቱ ክፍል መዝገብ ጋር ሲያስተያዩ፣ ከዐሥራ ሁለቱ ዐሥሩ በዚያ መብራት ሥር የተኙ ሆነው ተገኙ። የብርሃኑን ጉልበት የሚለካ መሣሪያ ከባሕር ዳር በውሰት አስመጥተው ሲለኩትም፣ አምፖሎቹ ከመጡ ጀምሮ ተለውጠው ስለማያውቁ፣ ዐይን የሚያጭበረብር ሰማያዊ ብርሃን ቢረጩም ከሚፈለገው ሩብ ያህል ጉልበት እንኳ አልነበራቸውም። ሕፃናቱ ሥሩ ተኝተው ሳለ የቢጫነቱ መርዝ አንጎላቸው ውስጥ ይገባ ነበር። እናቶች ደግሞ በአጠገቡ ቁጭ ብለው «ብርሃኑ ደስ ይላል» ይሉ ነበር።

ለኃላፊው ሦስት ጊዜ ጻፉ፤ መልስ አላገኙም። በአራተኛው ደብዳቤውን በስብሰባ ላይ ቆመው አነበቡት። ኃላፊው፣ «መብራቱ ይበራል እኮ፣ ሲስተር! ሕዝቡ ስለ እርስዎ ዐይን የሚለውን እኛ ዝም ብለን ቻልን፤ አሁን ደግሞ ወደ ዕቃው ዞሩ?» አላቸው። እታለም «መብራቱን አየሁት፤ ይበራል። ያዳነውን ልጅ ግን አምጣና አሳየኝ» ብለው መለሱ። ከስብሰባው በቀጥታ ወደ ክፍሉ ሄደው፣ በዚያ ሰዓት ከሥሩ የነበረችውን ሕፃን ወደ ባሕር ዳር እንድትላክ አስደርገው፣ የመብራቱን ገመድ ነቅለው ጠቅልለው ያዙትና አዲስ አምፖል እስኪመጣ አልሰጥም አሉ። አምፖሉ በዘጠኝ ቀን መጣ። እሳቸው ደግሞ በዐሥረኛው ቀን ወደ ካርድ ክፍል ተዛወሩ፤ በዚያም አንድ ዓመት ከአራት ወር የታካሚ ካርድ ሲያወጡ ከረሙ።

ፀደይን ይዤ የመጣሁት ወደዚያ ካርድ ክፍል መስኮት ነው፤ ታኅሣሥ 2011 ዓ.ም.፣ ልጅቱ ዐሥራ አራት ወሯ ነበር። ጭንቅላቷን ማቆም አትችልም ነበር። እታለም ከክፍሉ ወጥተው ከእጄ ተቀበሏት፤ ከኋላዋ ሆነው ቢያጨበጭቡ ዐይኗን እንኳ አላንቀሳቀሰችም። እኔ ሊወቅሱኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን «መጣችሁልኝ» ብቻ አሉ። ከዚያም ቀን ጀምሮ፣ በጸጥታው ችግር መንገድ እስከ ተዘጋበት ጊዜ ድረስ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ አዘና እየመጡ መቀመጥን፣ መዋጥንና በእጅ መነጋገርን አስተማሯት። መዝገቡን እስካየሁባት ቀን ድረስ ስለ አራቱ ሕፃናት አንድ ቃል ነግረውኝ አያውቁም።

በ2012 ዓ.ም. ወደ ክፍላቸው ተመለሱ። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ፣ አንድ ሕፃን በስልክ እየቀረጹ ሳለ ስልኩ ከእጃቸው ወደቀ። በሳምንቱ ደግሞ ወደቀ። ከክንዳቸው ቆዳ ሥር ሥጋቸው ራሱን በራሱ ሲርገበገብ ባለቤታቸው አይተው «ብርድ ነው፣ ይለቅሻል» ቢሏቸው፣ እጅጌያቸውን ዝቅ አደረጉ። በማግሥቱ ምሥራቅን ጠርተው፣ «ክንዴን በየወሩ ቅረጭው። ስታዪኝ አታባብዪኝ፤ ዝም ብለሽ ዕዪኝ» አሏት። መንገዱ ተዘግቶ፣ ስልክም ጠፍቶ ስለነበር ባሕር ዳር ለመድረስ አራት ወር ጠበቁ። ሐኪሙ ጡንቻን የሚያዙ ነርቮች አንድ በአንድ የሚሞቱበት፣ መድኃኒት ያልተገኘለት ሕመም መሆኑን ሲነግራቸው፣ «እኔም እንደዚያው ነው ያየሁት» አሉት። በ2016 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ። መጀመሪያ ቀኝ እጃቸው፣ ከዚያ ግራቸው፣ ከዚያ እግራቸው፣ በመጨረሻም ድምፃቸው ሄደ።

ያን ጊዜ ሁሉ ያስጨነቃቸው የራሳቸው ሕመም አልነበረም። መንገድ በተዘጋባቸው ወራት ስንቱ በየቤቱ፣ ስንቱ በመንገድ ላይ፣ በቃሬዛ ላይ እንደተወለደ ያውቁ ነበር። በአንድ ዓመት ውስጥ ከተመዘገቡት መቶ አርባ ሕፃናት ለመታየት የመጡት ሠላሳ ዘጠኝ ብቻ ነበሩ። የሦስት ወር ዕድሜ መንገድ እስኪከፈት አይጠብቅም። መናገር ሲሳናቸው ምሥራቅ ፊደል በሰሌዳ ላይ ጽፋ በጣቷ እየጠቆመች፣ እሳቸው በትክክለኛው ፊደል ላይ ዐይናቸውን እየጨፈኑ ይነጋገሩ ጀመር። የመጡትን ሕፃናት አልጋቸው አጠገብ እያስተኛች ታሳያቸው ነበር፤ እስከ መጨረሻው ሳምንት ድረስ ምሥራቅ ያላየችውን እሳቸው ያዩ ነበር። ባለፈው ሐሙስ ጠዋት አንድ ቃል አስጻፏት፤ መጨረስ ግማሽ ሰዓት ያህል ፈጀባቸው። «ያልመጡትን» የሚል ነበር። ምሥራቅ «ምን ላድርጋቸው፣ ሲስተር?» ስትል፣ ዐይናቸውን ወደ በሩ አዞሩ። ሌላ ቃል አላስጻፉም። ቅዳሜ ታኅሣሥ 11 ቀን 2018 ዓ.ም. ረፋዱ ላይ፣ በተወለዱ በስልሳ ሁለት ዓመታቸው፣ ባለቤታቸውና ልጆቻቸው ከጎናቸው እንዳሉ ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ።

ሲስተር ሽታዬ ባለቤታቸውን አቶ አስማረ ደሴን፣ ልጆቻቸውን ስለእናት አስማረንና ይታያል አስማረን፣ ሦስት የልጅ ልጆችን፣ እህታቸውን፣ ወንድማቸውን እኔን፣ እንዲሁም ይህን የማነበውን የማትሰማውን፣ ነገር ግን ከጠዋት ጀምሮ ሬሳ ሣጥኑን ጨብጣ የያዘችውን የወንድማቸውን ልጅ ፀደይን ትተው ሄደዋል።

ሲስተር ምሥራቅ በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ መዝገቡን ይዛ ቆማለች። ከመስከረም ወዲህ በቤት ወይም በመንገድ የተወለደ፣ ሲወለድ ያላለቀሰ፣ ወይም ቢጫ ሆኖ የሰነበተ ሕፃን ያላችሁ፣ ወይም በመንደራችሁ የምታውቁ፣ ከቀብር መልስ ስሙንና ቀበሌውን ሳትነግሯት እንዳትሄዱ። ልጁ ጨዋ ነው፣ አያስቸግርም ብላችሁ የምታስቡ ከሆነ ደግሞ በተለይ ንገሯት። አፍራችሁ እንደሆነ እኔ አብሬያችሁ እቆማለሁ።

የታናናሾችን ሕመም ቀድመው እንዲያዩ ዐይን የሰጣቸው አምላክ፣ የሕፃኑ የምህረቴን እናት ከልጃቸው ጋር ያገናኝልን፤ ነፍሳቸውን ከአብርሃም፣ ከይስሐቅና ከያዕቆብ አጠገብ ያኑርልን፤ ሳናያቸው ያለፍናቸውን ሕፃናትም እሱ በቸርነቱ ይያቸው። አሜን።